ልጆቻችን ወንድነትን ከማን ይማራሉ?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! በሮቤና በጎባ፣ በሲናና፣ በአጋርፋ፣ በጋሰራና በዲንሾ፣ እንዲሁም ድምፃችን በሚደርስበት ስፍራ ሁሉ የምትገኙ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ርእሳችን ሁለት ወላጆች ባቀረቡልን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

አንድ አባት እንዲህ ይላሉ፦ «የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ማታ ማታ ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር ተቀምጦ የቱርክ ድራማ ያያል። የሚያሳዝን ነገር ሲመጣ እንባውን መያዝ አይችልም። ፀጉሩንም እንደ ተዋናዮቹ ያስቆርጣል። ይህ ልጅ ወንድነቱን እያጣ አይደለምን?» አንዲት እናት ደግሞ፦ «የእኔ ልጅ ድራማ አያይም። ስልኩ ላይ 'ወንድ ማለት እንዲህ ነው' እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎችን ነው የሚሰማው። ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቱን እንደ ሠራተኛ ያዝዛታል። ውሃ እንኳ ራሱ ቀድቶ አይጠጣም። ስቆጣው 'ሴት ወንድን አትቆጣም' ይለኛል። ምን ላድርገው?» ይላሉ።

አባትየው ልጄ ለሰለሰብኝ ብለው ፈሩ። እናትየው ልጄ ድንጋይ ሆነብኝ ብለው ፈሩ። ስጋቶቹ የሚቃረኑ ይመስላሉ። በሁለቱም ቤት የሆነው ግን አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ወንድ ማለት ምን እንደሆነ ከመዝናኛ እየተማረ ነው። ስለዚህ መዝናኛ ባለፉት ዘመናት ወንድን እንዴት አድርጎ እንዳሳየን፣ ሥዕሉም እንዴት እንደተለዋወጠ፣ ከዚያም እስልምና ወንድን በምን እንደሚመዝን አብረን እንመልከት።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ስለ ፊልምና ድራማ ስንናገር እዩ ብለን መጋበዛችን አይደለም። የተራቆተ ገላን፣ ሐራም ግንኙነትንና ከሶላት የሚያዘናጋን ነገር ዲናችን ከልክሎናል፤ ይህ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ልጆቻችን ያያሉ። የሚያዩትን ሳናውቅ ልንመክራቸው አንችልም። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም።

ከጌራርሳ ዘመን ጀምሮ

መዝናኛ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቴሌቪዥንና ስልክ ነው። ቴሌቪዥን ወደ ባሌ ደጋ ከመምጣቱ በፊት ግን አባቶቻችን የራሳቸው መዝናኛ ነበራቸው። በሰርግና በድግስ፣ ወንዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ጌራርሳ ይዜም ነበር። በሌላው የሀገራችን ክፍል ቀረርቶና ፉከራ እንደሚባለው ሁሉ ጌራርሳም የወንድ ልጅ ታሪክ የሚነገርበት ዜማ ነው። በድሮው ልማድ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም ዝሆን የገደለ፣ ጠላት የጣለ ሰው በአደባባይ ይፎክራል፤ ያልገደለ አንገቱን ይደፋል። ዜማው ለወጣቱ የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ ወንድ ማለት የገደለ ነው።

ይህን የምንለው አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ከብትና ድንበር በጦር በሚጠበቅበት ዘመን ጀግና ያስፈልግ ነበር። ዳሩ ግን ሀገር ለመጠበቅ የጠቀመው ዜማ፣ በቀል የማይፈልገውን ሰው ጭምር ሰዎች እንዳይሳለቁበት ሲል ወደ ደም መመለስ ገፍቶታል።

በዚያው ሕዝብ መካከል ግን ሌላ ነገርም ነበር። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የተባለውን በትር ትሰጣታለች። ባሏ በደል ካደረሰባት፣ በተለይም አራስ ሳለች ከመታት፣ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድ ድምፅ ይወጣሉ። ሲንቄ የያዙ ሴቶችን መጋፋት ነውር ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በዳዩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካሳም ይከፍላል። ስለዚህ «ሴትን መምታት የአባቶቻችን ወንድነት ነው» የሚል ወጣት የአባቶቹን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።

መለኪያው ሲለወጥም በዓይናችን አይተናል። በ1962 ዓ.ም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ2016 ዓ.ም መግቢያ ላይ ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። አንድ ጊዜ አውሬ መግደል ያስፎክር በነበረበት ሀገር ዛሬ ብርድና ዝናብ ችሎ ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን የሚጠብቅ ሰው ይመሰገናል። ድፍረቱ ያው ድፍረት ነው። ሥራው ግን ተለውጧል።

የቪዲዮ ቤት ጀግና

በደርግ መጨረሻና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየከተማው ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ብዙ አባቶች በወጣትነታቸው በእነዚህ ጨለማ ክፍሎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው የአሜሪካና የሕንድ ፊልም ያዩ ነበር። እዚያ የተማሩት ወንድ ጡንቻው የፈረጠመ፣ ንግግሩ አጭር፣ ብቻውን መቶ ሰው የሚጥል ሰው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጀግና ዋና ምሳሌ ራምቦ ነው። ስለ እርሱ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም የሚያበቃው በለቅሶ ነው። ከቬትናም ጦርነት የተመለሰው ያ ወታደር የሞቱ ጓደኞቹን አስታውሶ በቀድሞ አዛዡ ፊት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ፊልሙ ጦርነት ሰውን እንዴት እንደሚሰብር የሚናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለተኛው ሲወጣ ግን ያ የተሰበረ ሰው ጠፍቶ ገዳዩ ብቻ ቀረ። ለዓለም ሁሉ የተዳረሰው፣ በየግድግዳው የተለጠፈው ሥዕልም ግንባሩን በጨርቅ ያሰረውና መሣሪያ የደገነው ራምቦ ነው። እንባውን ማንም አልለጠፈውም።

የሕንዱም ፊልም እንዲሁ ሲለዋወጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሚታብ ባችቻን ሕግ ያላስገኘለትን ፍትሕ በክንዱ የሚያስገኝ ቁጡ ወጣት ሆኖ ገነነ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሻህ ሩክ ካን በተጫወተበት አንድ ታዋቂ ፊልም ውስጥ ወጣቱ የሚወዳትን ልጅ ይዞ መጥፋት ሲችል እምቢ ይላል፤ አባቷ ፈቅደው ካልሰጡኝ አልወስዳትም ብሎ ይጠብቃል። ያ ፊልም በሙምባይ በአንድ ሲኒማ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ «አኒማል» የተባለው ፊልም ደም የሚያፈስና ሚስቱን የሚያዋርድ ጀግና ይዞ መጣ፤ እርሱም እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገባ። ከቁጡው ወደ ጨዋው፣ ከጨዋው ወደ አውሬው ማለት ነው። የመዝናኛ ገበያ ቋሚ መለኪያ የለውም። ዘንድሮ የሚሸጠውን ያቀርባል።

ባለገንዘቡና በዳዩ

ወደ ሀገራችን ቴሌቪዥን እንመለስ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረውን «ሰው ለሰው» የተባለ ተከታታይ ድራማ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በዚያ ድራማ ውስጥ አርቲስት አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የተባለ ባለሀብት ነበረ። ደራሲዎቹ ክፋቱን እንድንጸየፍ የጻፉት ሰው ነው። በየቡና ቤቱና በየታክሲው ሲወራ የነበረው ግን የእርሱ ነገር ነው። ገንዘቡ፣ አነጋገሩ፣ ሰው ሁሉ ሲፈራው ማየት የተመልካቹን ልብ ሳበ። ሐቀኞቹን ሰዎች ስማቸውን እንኳ የረሳናቸው ብዙዎች ነን። ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ደራሲው «ይህ ክፉ ነው» ብሎ ቢጽፍ ልጁ «ይህ ወንድ ነው» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ልዩነቱን የሚነግረው ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

መዝናኛ ሁሉ ጥፋት ነው ማለታችን ግን አይደለም። ፍትሕ የሌለበት ንግግር ልጆችንም አያሳምንም። በ2006 ዓ.ም «ድፍረት» የተባለው የአማርኛ ፊልም በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ይዟል። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ የነበሩበት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራከረላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ አወጣት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1997 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ሰረዘው።

ስንት ዓመት ነው ጠለፋ በዘፈንና በጨዋታ እንደ ጀብዱ ሲነገር የኖረው? ፈረሱ፣ ግልቢያው፣ የጓደኞቹ ድፍረት ይወራል። የልጅቱን ጩኸት ማንም አያወራም። እስልምና ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ፈርዷል። ኸንሳእ ቢንት ኺዳም (ረ.ዐ) የተባሉት ሰሓባ አባታቸው ሳይወዱ በዳሯቸው ጊዜ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄደው ተናገሩ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጋብቻውን አፈረሱት። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው። የወለደ አባት እንኳ ያለፈቃድ መዳር ካልቻለ ፈረስ ጭኖ የመጣ ጎረምሳ ምን መብት አለው?

ሬዲዮም እንዲሁ ጠቅሟል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም ባለው ጊዜ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ» የተባሉ ተከታታይ ድራማዎችን በሬዲዮ አሰምቷል። ድራማዎቹን ይከታተሉ የነበሩ ወንዶች ከማይከታተሉት ጋር ሲነጻጸሩ አራት እጥፍ ያህል የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረጋቸውን ድርጅቱ ዘግቧል። ወንድ ልጅ ምርመራን እንደ ውርደት በሚያይበት ዘመን አንድ የድራማ ባል «እኔም ልመርመር» ሲል መስማት ይህን ያህል ኃይል ነበረው። እንግዲህ መዝናኛ ያስተምራል። ጥያቄው ምን ያስተምራል የሚለው ነው።

የሚያለቅሰው፣ ጎራዴ የያዘውና የስልኩ ሰው

በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ የውጭ ድራማዎች፣ በተለይም የቱርኮቹ፣ በአማርኛ ተተርጉመው በየቤታችን ገቡ። የሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችንን ነጠቀን ብለው ሲቃወሙ ነበር። በየሳሎኑ የሆነው ግን ሌላ ነው። እናቶችና ልጆች አንድ ላይ ተቀምጠው አዲስ ዓይነት ወንድ ማየት ጀመሩ። ይህ ወንድ ልብሱ የጸዳ፣ ስሜቱን የሚናገር፣ ሲያዝን የሚያለቅስ፣ ለእናቱ የሚሳሳ ነው። በዚህ በኩል የሚጠላ ነገር የለውም።

ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ይኸው ሰው የሚወዳትን ሴት ይከታተላል፤ ስልኳን ይነጥቃል፤ ከሌላ ሰው ጋር ካያት ይደባደባል፤ ድራማውም ይህን ሁሉ «ከፍቅሩ ብዛት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቅናትን ፍቅር ብሎ ይሸጥልናል። ደግሞም ይህ ሰው ሲሠራ አይታይም። ቤቱ ቪላ፣ መኪናው አዲስ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይነገርም። ስንዴ ከኮምባይነር ተቀብሎ በጆንያ ሲያስር የዋለ የሲናና ወጣት ይህን ሲያይ የራሱ የላብ ሥራ ወንድነት መሆኑ ይጠፋበታል።

አንዳንድ ወላጆች «እኛ ልጆቻችንን ኢስላማዊ ድራማ ነው የምናሳየው» ይላሉ። ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም ድረስ በቱርክ መንግሥት ቴሌቪዥን የታየውን «ኤርቱግሩል» ማለታቸው ነው። ይህ ድራማ በሙስሊሙ ዓለም ሁሉ ተወዷል። በ2012 ዓ.ም በረመዳን ወር የፓኪስታን ቴሌቪዥን በኡርዱ ሲያሳየው ሕዝቡ በብዙ ሚሊዮን ተከታተለው። በእኛም ከተሞች ወጣቶች በፍላሽ እየተቀባበሉ አይተውታል። አዛን ይሰማበታል፤ ዱዓ ይደረግበታል፤ ሽማግሌ ይከበርበታል። ይህ ደስ የሚል ነው። ይሁን እንጂ የኤርቱግሩል ሕይወት በታሪክ የተረጋገጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው። ከሁሉም በላይ ጀግናው ችግር የሚፈታው በብዛት በጎራዴ ነው። ጎራዴው ላይ ቢስሚላህ ስለተባለ ያ ሥዕል በራሱ ተርቢያ አይሆንም። የሮቤ ልጅ በየቀኑ የሚገጥመው ጠላት የሞንጎል ጦር አይደለም። ጫት ነው፣ ሥራ ማጣት ነው፣ ቁጣ ነው።

በመጨረሻ የመጣው የስልኩ ሰው ነው። በቲክቶክና በዩቲዩብ «እውነተኛ ወንድ» እንዴት እንደሚኮን የሚያስተምሩ ሰዎች በዝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ደረጃ በጣም የታወቀው የቀድሞው የኪክቦክሲንግ ተጫዋች አንድሩ ቴት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 መስለሙ ተነገረ፤ ብዙ ወጣት ሙስሊሞችም ደስ ብሏቸው «የእኛ ነው» አሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በሩማንያ በሰው ንግድና በአስገድዶ መድፈር ተጠርጥሮ ተያዘ። እርሱ ክሱን ይክዳል። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው፤ የልቡን ኢማንም አላህ ያውቃል፤ እኛ በሁለቱም ላይ አንፈርድም። የምንናገረው ስለ ትምህርቱ ነው። ውድ መኪናን፣ ብዙ ሴቶችን ማዘዝንና ሌላውን መናቅን የወንድነት ምልክት አድርጎ ማሳየት ሸሃዳ ስለተጨመረበት ሱና አይሆንም። ልጆቻችን የእርሱን ቃል ከቲክቶክ ወስደው የዲን ልብስ አልብሰው ለእናቶቻቸው ሲመልሱ ዝም ማለት አንችልም።

እስልምና ወንድን የት ይመዝናል?

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! ገዳዩን ጀግና፣ ባለጡንቻውን፣ ባለገንዘቡን፣ አልቃሻውንና የስልኩን ሰው በአንድ ረድፍ አቁማችሁ ተመልከቷቸው። አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁሉም ተመልካች አላቸው። የጌራርሳው ሰው አድማጭ ከሌለው አይፎክርም፤ የስልኩ ሰው ተከታይ ከሌለው አይናገርም። መዝናኛ ወንድን ሊያሳየን የሚችለው ሰው እያየው ሳለ ብቻ ነው።

ዲናችን ደግሞ ወንድን የሚመዝነው ሰው በማያየው ቦታ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኃይለኛ ማለት በትግል ሰውን የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚቆጣጠር መሆኑን አስተምረዋል። በላጫችን ለቤተሰቡ በላጭ የሆነው መሆኑንም ነግረውናል። ቁጣን መዋጥ ካሜራ አይቀርጸውም። ለቤተሰብ ደግ መሆን ጭብጨባ የለውም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠየቁ። ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ለሶላት ይወጡ እንደነበር መለሱ። ይህም በቡኻሪ ይገኛል። ጦር የመሩ፣ ነገሥታት ደብዳቤያቸውን የተቀበሉ ሰው በር ተዘግቶ ሲታዩ እንዲህ ነበሩ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው አሥር ዓመት አገልግለዋቸው አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳልተባሉ መስክረዋል።

በሱረቱል ቀሰስ የተተረከልንን የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክም አስቡ። ከግብፅ ሸሽተው፣ ተርበው፣ ማንም በማያውቃቸው በመድየን ሀገር ወደ ውሃ ጉድጓድ ደረሱ። እረኞች ሲጋፉ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ መንጋቸውን ይዘው ገለል ብለው ሲጠብቁ አዩ። ጠየቋቸው፤ አጠጡላቸው፤ ዋጋ ሳይጠይቁ፣ ወሬም ሳያበዙ ወደ ጥላው ተመልሰው አላህን ለመኑ። በኋላ ከሁለቱ አንዷ ለአባቷ ስትመሰክር ሁለት ነገር ነው ያነሳችው፦ ኃይሉንና ታማኝነቱን። ኃይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእረኞቹ ባልተለዩ ነበር።

ለሁለቱ ወላጆች

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ። አባታችን፣ የልጅዎ እንባ አያስፈራዎ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ነፍሱ ስትወጣ አልቅሰዋል፤ «እርስዎም?» ተብለው ሲጠየቁ እዝነት መሆኑን ተናግረዋል። አል-አቅራዕ ኢብኑ ሓቢስ አሥር ልጆች ወልዶ አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ በነገራቸው ጊዜ ያላዘነ እንደማይታዘንለት ነግረውታል። ወንድ በአለባበስና በአኳኋን ሴትን መምሰሉ የተወገዘ ነው፤ ከራስ ፀጉር ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተውም ተከልክሏል። ፀጉሩን በዚህ መሠረት ይምከሩት። እንባውን ግን አይንኩበት። ይልቁንስ ከድራማው አንድ ቀን አብረውት ተቀምጠው «ይህ ሰው የልጅቱን ስልክ ሲነጥቅ ትክክል ነው ትላለህ?» ብለው ይጠይቁት። የሚያስፈራው ያኛው ነው።

እናታችን፣ ልጅዎ «ሴት ወንድን አትቆጣም» ሲልዎ የሚናገረው ዲኑን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ መልካም ውሎ የሚገባው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ሦስት ጊዜ እናትን አስቀድመው አባትን በአራተኛ አስከትለዋል። ይህን ለልጁ የሚነግረው ግን አባቱ ይሁን፤ አባት ከሌለም አጎቱ ወይም የሰፈሩ ኢማም። ልጁ የሸሸው ከወንድ ቃል ማጣት ነውና ቃሉን ከወንድ ይስማ። አባቱም ከመናገሩ በፊት አንድ ማታ ተነስቶ ውሃውን ራሱ ይቅዳ፤ ለልጁም ለልጅቱም ያቅርብላቸው። ያ ከአንድ ሰዓት ዳዕዋ ይበልጣል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቤት እንሁን። ብዙ አባቶች ከአሱር በኋላ ከገበያ ወይም ከማሳ ተመልሰን ጫት ቤትና ቡና ቤት ስናመሽ ልጁ ከስልኩ ጋር ያመሻል። ባዶ ወንበር አያስተምርም።

ሁለተኛ፣ ከመንጠቅ በፊት እንጠይቅ። ስልኩን ብንነጥቀው የጓደኛውን ያያል። «ማንን ትከታተላለህ? ምን አስተማረህ?» ብንለው ግን ልቡን ያሳየናል። ሐራም የሆነውን ሐራም እንበለው፤ ደግ የሆነውንም ደግ ማለትን አንፈር። ፍትሐዊ መሆናችንን ሲያይ ክልከላችንንም ይቀበላል።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን ከሰዎች ጋር እናገናኝ። በየሰፈራችን ሌሊት ተነስቶ ሱብሒ የሚሰግድ፣ የታመመች ሚስቱን ዓመታት ሙሉ የሚያስታምም፣ የየቲም ልጅ የሚያሳድግ፣ ተጣልተው የነበሩ ቤተሰቦችን የሚያስታርቅ ሰው አለ። ማንም ፊልም አልሠራለትም። ልጆቻችንን ይዘን እንዘይረው፤ ታሪኩን እናስተርከው።

አራተኛ፣ ለወንድ ልጅ ኃላፊነት እንስጥ። ታናሽ እህቱን ከመድረሳ ማምጣት፣ ለአያቱ መድኃኒት መግዛት፣ በዕረፍት ቀን ከአባቱ ጋር ማሳ መውረድ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ሲኒውን ማንሳት ይልመድ። ሰው የሚሆነው የሚጠበቅበት ነገር ሲኖር ነው።

ተሰጥኦ ላላችሁ ወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ግጥም የምትጽፉ፣ ነሺዳ የምታሰሙ፣ ካሜራ የያዛችሁ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የምትማሩ! እንዲህ ያለውን አባት አሳዩን። የሚያስታርቀውን፣ የሚታገሰውን፣ በላቡ የሚያድረውን ሰው ታሪክ በአማርኛም በኦሮምኛም ሥሩልን። ልጆቻችን የሚያዩት ነገር ከሌላቸው ያገኙትን ያያሉ።

አላህ (ሱ.ወ) ወንዶች ልጆቻችንን ኃይለኞችና ታማኞች ያድርግልን። ሴቶች ልጆቻችንን በቤታቸውም በመንገዳቸውም ይጠብቅልን። አባቶችን ለቤተሰባቸው በላጭ ከሆኑት ያድርገን። ጥያቄ ላላችሁ ወላጆች በራችን ክፍት ነው። በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ኢንሻአላህ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።